ግድግዳ ላይ የተሰቀለችው ጤነኛ

ተቀመጡ፤ ቆማችሁ አትስሙኝ፣ አጭር ንግግር አይደለም። ወንበር ያላገኘ ጎማ ላይ ይቀመጥ። አዲሶቹ ጎማዎች ላይ ግን እንዳትቀመጡ፤ የእትዬ ጡረታ የሚጀምረው ነገ ነው፣ ዛሬ ገና ሥልጣን ላይ ናት።

እትዬ እዚህ ጋራዥ የገባችበትን ቀን አስታውሰዋለሁ። ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት ነው፣ በሙቀት ወር። እኛ ሸሚዛችንን አውልቀን ስንሠራ፣ እስከ አንገቷ የተቆለፈ ወፍራም ሹራብ የለበሰች ሴት በሩ ላይ ቆመች። ደንበኛ መሰለችኝ።

"መኪናዎ የት ነው የቆመው?" አልኳት።

"መኪና የለኝም። የእቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ ልረከብ ነው የመጣሁት።"

ሹራቡን አየሁና፣ "እዚህ የምንሠራው የመኪና ኤሲ ነው እኮ፤ ማቀዝቀዣ" አልኳት።

"ለዚህ አይደል የለበስኩት" አለች።

ያው እንደምታዩት ዛሬም ለብሳዋለች። ሃያ ሦስት ዓመት ለሰው ቅዝቃዜ ስታድል ኖራ፣ እሷ ራሷ ኤሲ የበራበት መኪና ውስጥ በፈቃዷ ገብታ አታውቅም። ጉልበቴን ይይዘኛል ትላለች። በሁለተኛው ቀን ደግሞ እርስዎ ማለትን ከለከለችን። "አንቺ በሉኝ። እርስዎ የሚለኝ ሰው እቃ የደበቀብኝ ይመስለኛል" አለች። ስለዚህ ዛሬም አንቺ እላታለሁ። ምንም አልደበቅኩም ማለቴ ግን አይደለም፤ እደርስበታለሁ።

ከዚህ በፊት የሠራችው ጫማ ፋብሪካ ነው። ስለ ኤሲ የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ አለማወቋንም አልደበቀችም። የዚያኑ ሳምንት እቃ የምታድልበት የግምጃ ቤቱ መስኮት ጋ ሄጄ አንድ ኢቫፖሬተር ስጪኝ አልኳት።

"ምንድናት እሷ?"

"ዳሽቦርድ ውስጥ የምትቀመጥ ትንሽ ራዲያተር ናት።"

"ራዲያተር የሚሞቅ ነገር አይደለም እንዴ?"

"ይቺ የምትቀዘቅዘው ናት።"

"ለምንድነው የምትቀዘቅዘው?"

"ጋዝ ስለሚገባባት።"

"ጋዝ ከገባ ለምን ይቀዘቅዛል?"

እዚህ ላይ አስቸኳይ ሥራ ትዝ አለኝ። በሙያው ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ነበር፤ ኢቫፖሬተር ስቀይር እንጂ ስጠየቅ አላውቅም። እሷ ግን አልተወችንም። በምሳ ሰዓት እየዞረች አንድ በአንድ ያዘችን። ወር ሳይሞላ ለእኛው ታስረዳን ጀመር። "ነርስ መርፌ ከመውጋቷ በፊት ክንዳችሁን በአልኮል ስትጠርገው ቀዝቀዝ ይላችኋል አይደል? አልኮሉ ሲተን ሙቀታችሁን ይዞ ይሄዳል። የዚችም ሥራ ይኸው ነው። ውስጧ ያለው ፈሳሽ ወደ ጋዝ ሲለወጥ፣ በላይዋ የሚያልፈውን አየር ሙቀት ትወስዳለች። አየሩ ያዘለው እርጥበት ደግሞ ውሃ ሆኖ በቱቦ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል።" አንድ ደንበኛ ይህን ሰምቶ፣ ዋና መካኒኳ እሷ ናት ብሎ የመኪናውን ቁልፍ ለእሷ ሰጥቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ነው መርማሪዋ ያልናት። ኢቫፖሬተር የፈለገ ሰው መጀመሪያ ሦስት ጥያቄ ይመልሳል። "አየሩ ከመነሻው ነው የሚደክመው? እንግዲያው ፊልትሮውን አምጣና አሳየኝ።" ያን የዳቦ አከፋፋይ መኪና የምታስታውሱ አላችሁ። ዱቄቱ ፊልትሮውን አልፎ ኢቫፖሬተሯ ላይ ተለጥፏል፣ እርጥበቱ አቡክቶታል። እትዬ በመስኮቱ አሻግራ አየችና፣ "ይሄ መኪና የሚፈልገው እቃ ሳይሆን ምድጃ ነው" አለች። ታጠበችና ዳነች። ሁለተኛው ጥያቄ፣ "ግማሽ ሰዓት ቀዝቅዞ አየሩ ይጠፋል? አጥፍተኸው ስታሳርፈው ይመለሳል?" አዎ ካልክ፣ "በረዶ ሠርታለች፤ በረዶ የሠራች አልሞተችም። ጋዙን ለካ፣ የሙቀት መቆጣጠሪያዋን እይ፣ ከዚያ ና" ትልሃለች። ጋዝ ይፈሳል ብሎ የመጣ ደግሞ፣ "ጋዝ ብቻውን አይወጣም፣ ዘይት ይዞ ነው የሚወጣው። ዘይቱን አሳየኝ" ይባላል። ይህ ሁሉ ፊርማ ከማስፈረሟ በፊት ነው። አንዳንዶቻችሁ መልሱን እጃችሁ ላይ ጽፋችሁ እንደምትመጡ ታውቃለች።

አሁን ወደ ግድግዳው ልምጣ።

ከመስኮቷ ጀርባ፣ ከመደርደሪያው በላይ፣ በሽቦ የተንጠለጠለች አሮጌ ኢቫፖሬተር አለች። የታሰረባት ካርቶን "ጤነኛ ነበረች" ይላል፣ ሌላ ምንም አይልም። አዲስ መካኒክ በገባ ቁጥር እትዬ ወደዚያ ትጠቁምና፣ "አንድ ሰው ሳይመረምር ፈታት" ትላለች። ማነው ሲላት፣ "ስሙን ከነገርኩህ በእሱ ስቀህ ትሄዳለህ። ካልነገርኩህ ግን ነገ የምፈታው እኔ እሆን እንዴ ትላለህ" ትለዋለች።

እሷ ስም ባትጽፍም እኛ ስም አላጣንም። ኤሌክትሪሺያናችንን አሥራ ሰባት ዓመት ችኩሉ ስንለው ኖረናል። በመጣ በሄደ ቁጥር የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንለዋለን። ባለቤቱ እንኳ ስልክ ስትደውል "እስቲ ችኩሉን አቅርቡልኝ" ትላለች።

ኢቫፖሬተሯን የፈታኋት እኔ ነኝ።

አትሳቁ፣ ቀልድ አይደለም። የአንዲት አስተማሪ መኪና ነበረች። ኤሲው ሲበራ እርጥብ ካልሲ ይሸታል፤ ከጎኗ የሚቀመጥ ሰው ደግሞ እግሩ ሥር ውሃ ይወርድበታል። ዛሬ ማናችሁንም ብጠይቅ መልሱን ታውቁታላችሁ። እኔ ግን ያኔ አሥራ አምስት ዓመት የሠራሁ ባለሙያ ነኝ፣ ማን ይጠይቀኛል? መስኮቷ ጋ ሄጄ ኢቫፖሬተሯ ተበልታለች አልኳት።

"የውሃ መውረጃዋን አየሃት?"

"አይቻታለሁ።"

"በደንብ?"

"እትዬ፣ ሥራዬን ልታስተምሪኝ ነው?"

የመረከቢያ ወረቀቱን ገፋ አደረገችልኝ። ፈርሜ ወሰድኩ።

ዳሽቦርዱን ማውረድና መመለስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ስጨርስ ሦስት ብሎን ተረፈኝና ኪሴ ከተትኩ፤ እሱ እንኳ የተለመደ ነው። ኤሲውን ከፈትኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ውሃው እዚያው ምንጣፍ ላይ። መኪናዋ ሥር ገብቼ በጀርባዬ ተኛሁ። የመውረጃዋን ጫፍ ተርብ በጭቃ ደፍናው ቤት ሠርታበታለች። በሽቦ ስወጋው የታቆረው ውሃ በሙሉ ፊቴ ላይ ወረደ። ጠቅላላ ሥራው ይሄ ነበር፣ አንድ ሽቦና ሁለት ደቂቃ። ሁለት ቀን ሙሉ ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ከረምኩ።

አሮጌዋን እትዬ ምሳ ስትወጣ ጠብቄ መስኮቷ ላይ አስቀምጬ ሄድኩ። ስትመለስ አየር ሞልታ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከረቻት። አንዲት አረፋ የለም፤ ቀዳዳ አልነበራትም። አዲሷ ለአስተማሪዋ በነፃ እንድትቀርላት ሥራ አስኪያጁን አሳመነች፣ አሮጌዋን ግድግዳ ላይ ሰቀለች።

በማግስቱ ሁሉም መስኮቱ ሥር ተሰብስቦ ማነው ማነው ይላል። እዚያው እኔ ነኝ ብል አንድ ሳምንት ተስቆብኝ ያበቃ ነበር። አፌ ቀደመኝ። "ማን ይሆናል፣ ያ ችኩል ኤሌክትሪሺያን ነዋ" አልኩ። ሁሉም ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ነገሩ በማግስቱ የሚረሳ መስሎት ይሆናል። ስሙ ግን ተለጠፈበት። እሱ ማለት እኮ አንዲት ፊውዝ ለመንካት ባትሪ ነቅሎ፣ እጁን ታጥቦ፣ መነጽሩን ሁለቴ የሚወለውል ሰው ነው። አንዳንድ ደንበኛ "ችኩሉ መኪናዬን እንዳይነካብኝ" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሰምቼ ዝም ብያለሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን ነው።

ፊርማዬ እትዬ ፋይል ውስጥ አለ። ታውቃለች። አንድ ቀን ጠርታ አልገሠጸችኝም፣ ለማንም አልተናገረችም። ግን ልብ ያላላችሁት ነገር አለ፤ በዚህ ግቢ ውስጥ እሱን ችኩሉ ብላ ጠርታው የማታውቅ ሰው እሷ ብቻ ናት። "ኤሌክትሪሺያኑን ጥሩልኝ" ነው የምትለው። እናንተን ሦስት ጥያቄ ስትጠይቅ ደግሞ እኔን አራት ትጠይቀኛለች። "የውሃ መውረጃዋን አየሃት?" ትለኛለች። አንዴ የእጅ ጓንት ልወስድ ሄጄ ጠይቃኛለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ሁልጊዜ "አይቻታለሁ" ብዬ እመለሳለሁ። ከዚያች መኪና ወዲህ እውነትም ሳላያት ቀርቼ አላውቅም። ከእኔ እጅ ያለ ምክንያት የተፈታ ዳሽቦርድ የለም። ጥሩ ባለሙያ የምትሉኝ ከሆነ ያደረገኝ ያ ጥያቄ ነው።

ባለፈው ሳምንት ርክክብ ላይ ነበርኩ፣ ፊልትሮ ልወስድ ሄጄ። አዲሱ የግምጃ ቤት ኃላፊ ዝርዝሩን ይዞ፣ "ይቺ የተሰቀለችው መዝገብ ላይ የለችም፣ ትጣል?" አላት። እትዬ ወደ እኔ አላየችም። "ባለቤቱ መጥቶ እስኪወስዳት ትቆይ" አለች። ከዚያ ፊልትሮዬን ሰጠችኝ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አራተኛውን ጥያቄ አልጠየቀችኝም።

አለመጠየቋ ከበደኝ። ተስፋ የቆረጠችብኝ መሰለኝ። አራት ቀን ሥራ አልያዝልህ አለኝ። ዛሬ ጠዋት መሰላል ይዤ ገባሁና አወረድኳት። ይቺውላችሁ፣ የሸፈንኩባትን ጨርቅ ስገልጠው። ካርቶኑ ላይ አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፤ የእኔ ስም ነው። ነገ መልሼ እሰቅላታለሁ፣ የሚመጣ ሁሉ ያንብበው።

እትዬ፣ አሥራ ሰባት ዓመት የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። አላየኋትም ነበር። ዋሽቼሻለሁ።

ስለታገሥሽኝ አመሰግንሻለሁ። ከእኔ ሌላ ደግሞ፣ በዚህ መስኮት አልፎ ዛሬ የራሱን ጋራዥ የከፈተው ሁሉ ከዳሽቦርዱ በፊት የሚያየውን ነገር ካንቺ ነው የተማረው። እዚህ ያሉት መምጣት ያልቻሉትንም ወክለው ያመሰግኑሻል። እኛ ስንፈታ ኖርን፣ አንቺ እንዳንፈታ ስትጠብቂን ኖርሽ።

ብርጭቋችሁን አንሱ። ለስላሳ የያዘም፣ ውሃ የያዘም። እትዬ፣ ልጅሽ ቤት ስትገቢ ጉልበትሽን አይያዝሽ። ሹራብሽ አይለቅ። የልጅ ልጆችሽ ለምን ለምን እያሉ ያድክሙሽ፤ የእጅሽን ታገኛለሽ። መኪና ውስጥ ስትቀመጪ እግርሽ ሥር ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ ከሆነ ደውይልኝ፣ ሽቦ ይዤ እመጣለሁ።

ወግ ቢሆን መጀመሪያ ካንቺ ጋር ነበር የማጋጨው። ዛሬ ግን ከሌላ ሰው ልጀምር፤ አንቺም የምትፈቅጂልኝ ይመስለኛል። ኤሌክትሪሺያን፣ እስቲ ብርጭቆህን ይዘህ ወደዚህ ና።