የሙሽራው እናት ቦታ

እትዬ ዘነበች የሙሽራው እናት ናቸው። ሰላም ሙሽሪት ናት። ሆዳን አዲስ አበባ ያደገች የሐርጌሳ ልጅ፣ የሰላም ጓደኛ ናት። ሦስቱም እዚህ ሐርጌሳ ወደ አያሃ ሰፈር በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ ተቀምጠዋል። የቤት ጉዳይ ታክሲ ውስጥ አይወራም እላለሁ፤ ጆሮዬን ግን አልዘጋሁም።

«በሙሽራው መኪና ከፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ዘነበች።

«እማማ፣ እሱ የሚዜ ቦታ ነው» አለች ሰላም።

«ሚዜው ነው እንዴ የወለደው?»

ሆዳን ጓደኛዋን ልትረዳ ጣልቃ ገባች። «እትዬ፣ ፈረንጁ አለቃዬ ከእጮኛው ጋር ኔፓል ለጉብኝት ሄደው በኔፓሎች ወግ ተጋቡ። እናቱም አብረው ሄደው ነበር። እዚያ ግን የሙሽራው እናት ሙሽሪትን ለማምጣት አትሄድም።»

«እና ቀሩ?»

«ወላሂ፣ ሆቴል ቀሩ!»

«ምነው፣ ምን አጠፉ?»

«ምንም። ወንዶቹ ሙሽራውን ሲያጅቡ ሴቶቹ ቤት ይጠብቃሉ። እንደ ወንድ ለብሰው በባሎቻቸው እያሾፉ ሲጨፍሩ ያድራሉ።»

እትዬ ዘነበች ትንሽ አሰቡ። «ደስ የሚል ወግ ነው። እኔም እቀራለሁ።»

«እውነት እማማ?» ሰላም እጃቸውን ሳመች።

«እውነት። ሼክ ኑር ሰፈር የተከራያችሁትን ቤት እጠብቃለሁ። ነገ አልጋዬን አስገባለሁ።»

«ጠብቀው ሲጨርሱስ?»

«ቤት ተጠብቆ ያልቃል እንዴ ልጄ?»

ሰላም ሆዳንን በክርኗ ጎሸመቻት። «እማማ፣ ከፊት ይቀመጡ። ሚዜው በባጃጅ ይመጣል።»

ወሬው ሚዜውን ወንበሩን አሳጣው፣ እኔን ደግሞ መውረጃዬን አሳለፈኝ፤ አማት ስለማክበር ልመክር የከፈትኩትን አፌን መልሼ ዘጋሁ።