አራት ፈረሰኛ ያለው ጅግራ

(ይፋት፣ ከቆላው አፋፍ ላይ ባለች መንደር። የአዳኙ የአቶ ወንድይራድ አርባ ነገ ሊወጣ፣ ሚስታቸው ወይዘሮ ደብሪቱና ነገ ለቅሶውን የምትመራው አልቃሽ ይመኙሻል ከጓሮ ተቀምጠው ለተዝካሩ ሽንኩርት ይልጣሉ።)

ደብሪቱ፦ አውጪው አልኩሽ እትዬ ይመኙሻል! ጅግራውን ከግጥሙ አውጪው። ሌላውን እንደፈለግሽ አልቅሺው።

ይመኙሻል፦ የትኛውን ሌላ? እስቲ ቁጠሪልኝ። አንበሳ ገድሏል?

ደብሪቱ፦ አልገደለም።

ይመኙሻል፦ ጎሽስ?

ደብሪቱ፦ አንድ ጊዜ ጎሽ አይቶ ዛፍ ላይ ወጥቷል።

ይመኙሻል፦ እሱን ላስገባው?

ደብሪቱ፦ ምነው ሸዋ!

ይመኙሻል፦ ታዲያስ! ሠላሳ ዓመት ጠመንጃ ተሸክሞ ቆላ የወረደ ሰው፣ በእጁ የወደቀ ነገር ቢኖር ጅግራ ነው። ጅግራውን አውጪ ስትዪኝ ሰውየውን ከነጠመንጃው አውጪ ማለትሽ ነው። ደግሞ ስሚው እንጂ፤ ሦስት ቀን አምጬ የወለድኩት ግጥም ነው።

አንበሳ የገደለ ቆዳ ይዞ ይገባል፣
የወንድይራድ ጅግራ አገር ያጠግባል።

ደብሪቱ፦ ያምራል።

ይመኙሻል፦ ካማረማ ምን ትጨቀጭቂኛለሽ?

ደብሪቱ፦ ማማሩ ነው የቸገረኝ። ባያምር ኖሮ በማግስቱ ይረሳ ነበር። ይሄንን ግን እረኛው ሁሉ ይይዘዋል። ነገ ደግሞ ምትኩ ከወንዝ ማዶ ይመጣል። በቀብሩ ዕለት ወንዙ ሞልቶበት አልተሻገረም፤ ነገ ከነወንድሞቹ ነው የሚደርሰው። ሁለት ጎሽ የገደለ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ወንድይራድን «ወፍ ገዳይ፣ ወፍ ገዳይ» ሲለው ኖሯል። አንቺ «አገር ያጠግባል» ስትዪ ያ ሰውዬ ድንኳኑ መሃል ሳቁን ቢለቀው ምን ይውጠኛል? በቁሙ የተሳቀበት አይበቃውም?

ይመኙሻል፦ በምን አፉ ይስቃል? ምትኩ ራሱ በልቶ፣ ጠግቦ፣ ጣቱን ልሶ ነው የሄደው። እኔም ነበርኩበት። የዛሬ ሃያ ዓመት፣ ለቅበላ፣ እዚሁ ደጅሽ ላይ። ስንት ሰው ነበርን?

ደብሪቱ፦ አስራ ሰባት።

ይመኙሻል፦ አስራ ሰባት ሰው! በአንድ ጅግራ! ተርፎም ጎረቤት ቀምሷል።

ደብሪቱ፦ ያኔ ሰው ትንሽ ነበር የሚበላው።

ይመኙሻል፦ የዕድር ዳኛው ቸርነት ትንሽ ይበላ ነበር?

ደብሪቱ፦ ሽንኩርቱን ላጪው እንጂ አትጨፍልቂው።

ይመኙሻል፦ ነገር አታዙሪ። እኔ ያለ ምስክር እንደማላለቅስ ታውቂያለሽ። የበላይነሽን ባል «ቸር ነበር በይልን» ብለው ቢለምኑኝ መች እሺ አልኩ? «ደህና አድርጎ ይቆጥብ ነበር» ብዬ ነው የሸኘሁት። የአንቺንም ባል ባልሆነው አላሞግሰውም። ጅግራውን በእጅሽ ይዘሽ፣ ነጭተሽ፣ ብልት በብልት አውጥተሽ የሠራሽው አንቺ ነሽ። መጠኑን ንገሪኝና እንደ መጠኑ አለቅሳለሁ።

ደብሪቱ፦ ጅግራ መጠኑ በጠያቂው ነው።

ይመኙሻል፦ እንዴት ሆኖ?

ደብሪቱ፦ አዳኝ ከጠየቅሽ ማለቂያ የለውም። ወንድይራድ ምን ይል መሰለሽ? «ጅግራ እንደ ሰው ተወልዶ፣ አድጎ፣ በቃኝ አይልም፤ ማሽላ እስካለ ድረስ ያድጋል» ይል ነበር። በክረምት ከስቶ አጥንቱ ይወጣል። ኅዳር ላይ ማሽላው ሲደርስ ግን ይወፍርና ለመብረር እንኳ ይሰንፋል፤ በእግሩ ነው የሚሮጠው። ያረጀው ወንድ ደግሞ አናቱ ላይ ያለችው ቀንድ እንደ አውራ ጣት ትሆናለች። እንዲህ ያለውን ጠዋት በጉም ውስጥ ካየሽው ግልገል ነው ብለሽ ልትጠሪው ትችያለሽ።

ይመኙሻል፦ አንቺን ስጠይቅሽስ?

ደብሪቱ፦ እኔንማ ከጠየቅሽኝ፣ ላባውን ስትነጪው ግማሹ ከላባው ጋር ይሄዳል። ትልቅ የተባለው ሁሉ ድስት ውስጥ ሲገባ ከደህና ዶሮ አንድ ጭብጥ ቢበልጥ ነው። አንድ ቀን እንዲህ ብዬ ብነግረው ተቆጣ። «አንቺ የምታዪው የሞተውን ነው፤ እኔ ሲነሳ ነው ያየሁት» አለኝ።

ይመኙሻል፦ እሰይ ወንድሜ! ይሄማ ራሱ ሙሾ ነው።

ደብሪቱ፦ እንግዲያው እሱን አልቅሺና ድስቱን ተይልኝ።

ይመኙሻል፦ ድስቱንማ አልተውም። ከደህና ዶሮ አንድ ጭብጥ የሚበልጥ ወፍ አስራ ሰባት ሰው አያጠግብም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንድ ዶሮ ስንት ፈረሰኛ ይወጣዋል?

ደብሪቱ፦ ምን ማለትሽ ነው?

ይመኙሻል፦ ጥያቄው ከበደሽ? ስንት ዓመት ወጥ ሠራሽ! ክንፉ ሁለት፣ እግሩ ሁለት፤ ፈረሰኛውስ?

ደብሪቱ፦ አንድ ነዋ። ደረቱ አንድ አይደል? ለተከበረ ሰው የሚወጣ፣ ለአባወራ።

ይመኙሻል፦ ጅግራስ?

ደብሪቱ፦ ... ያው ነው።

ይመኙሻል፦ ያው ነው። እንግዲህ እኔ ለግጥሙ ምስክር ስሰበስብ ነው የሰነበትኩት። መሪጌታ ላቀውን ጠየቅኩ። «እግዚአብሔር ይስጣት፣ ፈረሰኛውን ለእኔ አወጣችልኝ» አሉ። ቸርነትን ጠየቅኩት፤ «ፈረሰኛው የደረሰኝ እኔን ነው» አለ። ምትኩን ገበያ ላይ አገኘሁት፤ «ወፍ ገዳይ ብለውም ሚስቱ ታከብረኛለች፤ ፈረሰኛውን ለእኔ ነው የሰጠችኝ» አለ። ስንት ሆነ?

ደብሪቱ፦ ሦስት።

ይመኙሻል፦ ለእኔስ ምን አውጥተሽልኝ ነበር?

ደብሪቱ፦ ወይ ጉዴ! አልቃሽ ነሽና ቅር እንዳይልሽ ብዬ...

ይመኙሻል፦ አራት! አራት ደረት ያለው ወፍ ዓለም ላይ አለ? ቢኖርስ እንዴት አድርጎ ይበራል?

ደብሪቱ፦ አትሳቂ! ሰው ይሰማል። የአርባ ቀን ሐዘንተኛ ደጅ ላይ ሳቅ!

ይመኙሻል፦ እኔን ሽንኩርቱ ነው ያስነባኝ። ንገሪኝ በይ።

ደብሪቱ፦ ልንገርሽ እንግዲህ፤ ደብቄ ደክሞኛል። ያን ጊዜ ምትኩ ሁለተኛውን ጎሽ ገድሎ መጥቶ ሲፎክር፣ ወንድይራድ ጠላ ቤት ተቀምጦ ነበር አሉ። «አንተ ደግሞ ወፍህን ፎክር እንጂ» ሲለው ደሙ ፈላ። «ነገ የምገድለው ጅግራ በግ ያክላል፤ እዚህ ያለህ ሁሉ ናና ብላ!» ብሎ ምትኩንም፣ መሪጌታንም፣ ያገኘውን ሁሉ ጠራ። በማግስቱ ገደለ። ነፍሱ ሳይወጣ ደርሶ ባርኮ አርዶ፣ በነጠላ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ጥቅልሉን ስፈታው ትንሽ ነው፣ እትዬ ይመኙሻል። የሁለት ሰው ራት ነው። ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት። «አይበቃም እንዴ?» አለኝ። እንዲያ አድርጎ ጠይቆኝ አያውቅም።

ይመኙሻል፦ አንቺስ ምን አልሽው?

ደብሪቱ፦ «ይበቃል፤ አንተ ሂድና ለእንግዳው መቀመጫ አዘጋጅ» አልኩት። ከዚያ ዶሮ ቤት ገባሁ። ሦስት ዶሮ ያዝኩ። አንደኛዋ እንቁላል ጣይ ነበረች፤ እሷንም ሳልምር አሳረድኳት። ከጅግራው ጋር ደባለቅኳቸው። በርበሬው ሲበዛ ማን ይለየዋል?

ይመኙሻል፦ ዶሮዎቹ የት ሄዱ ሲልሽስ?

ደብሪቱ፦ ሽለምጥማጥ በላቸው አልኩት።

ይመኙሻል፦ ሦስቱንም በአንድ ቀን! ምን ዓይነት ሽለምጥማጥ ነው? እሱም በግ ያክላል?

ደብሪቱ፦ ሳቂ፣ ሳቂ። እሱ ግን አመነኝ። ያን ቀን ሰው ሁሉ ሲያመሰግነው አንገቱ ቀና አለ። ከዚያ ወዲያማ በየዓመቱ ለቅበላ ሰው ጠራ። «ዘንድሮ ከአምናው ይበልጣል» ይላል። እኔም ዶሮ ቤት እገባለሁ። እውነቱን አንድ ቀን ሳልነግረው፣ ነገ ነገ ስል፣ ታሞ ሞተብኝ። አርባ ቀን ሙሉ የሚበላኝ ይሄ ነው። ባሌን አታልዬ ነው የቀበርኩት። አሁን ደግሞ አንቺ ውሸቴን ግጥም አድርገሽ ከመቃብሩ በላይ ልትሰቅዪው ነው። ለዚህ ነው አውጪው የምልሽ። ለምትኩ ሳቅማ ድሮስ ምን ገዶኝ።

ይመኙሻል፦ እንዲህ ነው እንዴ ነገሩ? ነይ እስቲ ቢላውን አስቀምጪው።

ደብሪቱ፦ ለምን?

ይመኙሻል፦ የምነግርሽን ስትሰሚ እጅሽን እንዳትቆርጪ። መድኃኔዓለም ይቅር ይበለኝ፣ መሐላ ላፈርስ ነው። ያን ቀን በልተን ስንወጣ ባልሽ ሊሸኘን ወንዙ ድረስ መጥቶ አልነበር?

ደብሪቱ፦ መጥቷል።

ይመኙሻል፦ ወንዙ ዳር ስንደርስ መሪጌታ፣ «ወይዘሮ ደብሪቱ ሰው ታውቃለች፤ ፈረሰኛውን ለእኔ አወጣች» አሉ። ቸርነት «ኧረ ለእኔ ነው!» አለ። ምትኩ «ምን ትቀላምዳላችሁ፣ እኔ በልቼው!» ብሎ ተነሳ። እኔም አፌ መች ይቻለዋል፣ «ለእኔም ደርሶኛል» አልኩ። ከዚያ ሁላችንም ዞረን ወንድይራድን አየነው።

ደብሪቱ፦ ወይኔ! ወይኔ ልጅቷ! ፊቱ ምን ሆነ?

ይመኙሻል፦ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ ያፈረ መስሎኝ ነበር። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ለካ እየሳቀ ነው! እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ተነሥቶ አራታችንንም አስማለን። «ማናችሁም ትንፍሽ እንዳትሉ። አውቀናል ካላችኋት ታፍርብኛለች» አለ። ምትኩ ሳይቀር ማለ። «ወፍ ገዳይ» ይለው የለ? ፈረሰኛውን አንስቶበት ያውቃል? ሃያ ዓመት ሙሉ?

ደብሪቱ፦ ... አላነሣም። አንድም ቀን አላነሣም።

ይመኙሻል፦ ነገም አይስቅም። ቢያለቅስ እንጂ።

ደብሪቱ፦ ቆይ፣ ቆይ እትዬ ይመኙሻል። ካወቀ ታዲያ፣ በየዓመቱ «ከአምናው ይበልጣል» እያለ አገር የሚጠራው ምን ሆኖ ነው?

ይመኙሻል፦ እሱን እንኳ ባትጠይቂኝ።

ደብሪቱ፦ ንገሪኝ!

ይመኙሻል፦ እኔም ጠይቄው ነበር። «ደብሪቱን ታውቂያታለሽ» አለኝ፤ «ዶሮዎቿን ቢላ አታስነካም። እንቁላል ጣይ ናት፣ ጫጩት ታቀፈች፣ ገና ናት እያለች ለእኔ ለባሏ ዶሮ ወጥ የምትሠራው ለፋሲካ ብቻ ነው። ጅግራዬ ግን ድስት የሚገባው ከነዘመድ አዝማዱ ነው!»

ደብሪቱ፦ ምን?!

ይመኙሻል፦ እንዳልኩሽ ነው።

ደብሪቱ፦ ሃያ ዓመት! በየዓመቱ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት! ያቺን ነጠብጣቧን! ያቺን ገብስማዋን! እኔ ሳታልለው የኖርኩ መስሎኝ! ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ! እሱ እኮ ደግሞ «ይሄን ሽለምጥማጥ ሳልገድልልሽ አልቀርም» ብሎ ጠመንጃውን ታቅፎ ዶሮ ቤቱ ደጅ ይቀመጥ ነበር! እኔም አሳዝኖኝ ጋቢ እደርብለት ነበር!

ይመኙሻል፦ ጋቢውን ምን ያደርገው ነበር?

ደብሪቱ፦ ይከናነበው ነበር... ወይኔ! ለካ ሊስቅበት ነው!

ይመኙሻል፦ አሁን የምትስቂው አንቺ ነሽ። ሰው ይሰማል ስትዪ አልነበር?

ደብሪቱ፦ ይስማ! ይስማ! ወይ ወንድይራድ፣ ወይ አንተ ሌባ... አንድ ቀን እንኳ ሳይነግረኝ።

ይመኙሻል፦ አንቺስ ነግረሽው ነበር?

ደብሪቱ፦ አልነገርኩትም። ... እንዲህ ነው ለካ ስንኖር የኖርነው።

ይመኙሻል፦ እንዲህ ነው። በይ እንባሽን በእጅሽ አትጥረጊ፣ ሽንኩርት ነክቶታል። በነጠላሽ ጥረጊው።

ደብሪቱ፦ እሺ።

ይመኙሻል፦ እንግዲህ የሐዘኑ ባለቤት አንቺ ነሽ። ያልሽኝን ነው የማደርገው። ጅግራውን ከግጥሙ ላውጣው?

ደብሪቱ፦ እንዳትነኪው።

ይመኙሻል፦ «አገር ያጠግባል» የሚለውስ? አውጪው ያልሽው?

ደብሪቱ፦ እሱም ይቆይ። ግን አነሰው። «አገር ያጠግባል» ብለሽ ብቻ አትለፊው፤ መጠኑንም ተናገሪለት።

ይመኙሻል፦ ምን ያክላል ልበል? ኋላ የሚጠራጠር ቢመጣስ?

ደብሪቱ፦ ወይፈን ያክል ነበር በይ። የሚጠራጠር ካለ ወደ እኔ ይምጣ። የሠራሁት እኔ ነኝ።