«የወሽመጥ ዓይን» ጋዜጣ አዘጋጅ ከደረጃ ስለ መውደቁ

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ሶልፍሪድ ኦክቪክ
ዕድሜ፦ 58
አድራሻ፦ ኖርዌይ፣ ሞልደ ከተማ
ሥራ፦ የኢንተርኔት ጋዜጦች መዛኝ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማርች 13 ቀን 2024፣ ከጠዋቱ 3፡30 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ መርማሪ ሄርዲስ ሙ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው እኔ ምስክሯ፣ ትናንት ማክሰኞ በቢሮዬ ስላየሁት ነገር ተጠይቄ የሚከተለውን ተናግሬአለሁ።

የምሠራው ወደቡ ፊት ለፊት ባለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሦስት ሆነን የኢንተርኔት ጋዜጦችን እያነበብን በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ነገር እንመዝናለን፤ አንደኛ ወደየትኛው የፖለቲካ ወገን እንደሚያዘነብል፣ ሁለተኛ የሚጽፈው ምን ያህል እንደሚታመን። ማዘንበል ሌላ፣ መታመን ሌላ መሆኑን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለስንት ሰው እንዳስረዳሁ አላውቅም። መርማሪዋም ቃሌን ሳልጀምር የየትኛው ፓርቲ ደጋፊ እንደሆንኩ ስለጠየቀችኝ ለእርሷም አስረድቻለሁ።

«የወሽመጥ ዓይን» የተባለውን የከተማችንን የኢንተርኔት ጋዜጣ የመዘንኩት በፌብሩዋሪ ነው። በሦስት ወር ውስጥ ካወጣቸው ጽሑፎች አርባውን መርጬ ምንጫቸውን ተከታትዬ አጣራሁ። ዐሥራ አንዱ ስሕተት ነበሩ፤ አንዳቸውም አልታረሙም። ከእነዚህ አንዱ ኦድማር ሬክዳል የተባለው መኪና አሻጋሪ ጀልባ አዛዥ በጃንዋሪ ወር ጠጥቶ ጀልባዋን ከመቆሚያው ጋር አጋጨ የሚለው ነው። ጀልባዋ የተጋጨችው መሪዋ በመበላሸቱ ነው። የአዛዡም ትንፋሽ ወዲያው ተመርምሮ አልኮል አልተገኘበትም፤ ይህን የሚገልጽ የምርመራ ወረቀት አለው። ጋዜጣው ወረቀቱን ጠይቆ አያውቅም። ከጽሑፉ ጋር ያወጣው ፎቶግራፍም የኦድማር ሳይሆን የሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ «ወደ ግራ ያዘነበለ፣ እምነት የማይጣልበት» የሚል ውጤት ሰጠሁት። ውጤቱ ሰኞ ዕለት ወጣ። በዚያው ቀን ሠላሳ አራት መልእክት ደረሰኝ። ግማሹ የቀኞች ቅጥረኛ ነሽ ይላል፤ ግማሹ ደግሞ ግራ ስለሆንሽ አለሳልሰሽለታል ይላል።

በማግስቱ ከቀኑ 8፡10 ሰዓት ገደማ ኦድማር ያዋሰኝን የምርመራ ወረቀት ሊወስድ መጣ። ዕድሜው 61 ነው። ተሳፋሪዎች ከእርሱ ጋር አንሄድም ስላሉ ለሁለት ወር ያህል ቤቱ ውሏል። ቅጂ ላስቀር ስል በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከፔርሙዜ ቡና ቀዳሁለት። ሌላ የጠጣው ነገር የለም።

8፡20 ላይ የጋዜጣው አዘጋጅ ስቱርላ ሃውገን ሳያንኳኳ ገባ። «ሶልፍሪድ፣ አንቺን ደግሞ ማን ገዛሽ?» አለኝ።

«ማንም አልገዛኝም። ዐሥራ አንዱን አርምና እንደገና እመዝንሃለሁ» አልኩት።

«የተጻፈ ተጻፈ!» ብሎ ወደተቀመጠው ሰው ዞረ። «አየህ ወዳጄ፣ እውነት ስንጽፍ እንዲህ ነው አፋችንን የሚለጉሙት!»

ኦድማር «ምን እውነት ጻፍክ?» ሲል ጠየቀው።

«የዚያን ሰካራም የጀልባ አዛዥ ጉዳይ ነዋ! እኔ ባልጽፍ ኖሮ አንድ ቀን ሁላችንንም ባሕር ይከተን ነበር።»

«ሰውየውን ታውቀዋለህ?»

«አሳምሬ! ፊቱን ብታየው ራሱ ይነግርሃል።»

በዚህ ጊዜ ኦድማር ቀስ ብሎ ተነሣና የሱፍ ቆቡን አወለቀ። «እንግዲያው እየው። ኦድማር ሬክዳል ነኝ። ሚስቴ እዚህ ሰው ስለሚጠቋቆምባት ዳቦ እንኳ የምትገዛው በአውቶቡስ ሌላ ከተማ ሄዳ ነው» አለው። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ስቱርላ ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ጠበቅሁ። እርሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ «ታዲያ ፎቶው የማን ነው?» አለኝ። ከዚያ በፊት እንደዚያ የተናደድኩበትን ቀን አላስታውስም። «እኔን ነው የምትጠይቀኝ?» አልኩት።

ስቱርላ ወዲያው ዋናውን የምርመራ ወረቀት ከማባዣው ላይ ነጥቆ ወጣ። ኦድማር «መልስልኝ፣ ሌላ የለኝም!» እያለ ተከተለው። እኔ ሁለት እርምጃ ያህል ከኋላቸው ነበርኩ። ደረጃው አፋፍ ላይ ኦድማር የስቱርላን እጅጌ በጣቶቹ ነካው። ስቱርላ እጁን መንጭቆ ወደ ኋላ እያየ ሲሮጥ ሦስተኛውን ደረጃ ሳተና እስከ ታች ተንከባለለ። የእጁ አንጓ ተሰበረ። ወርዶ ጃኬቱን ከጭንቅላቱ ሥር ያነጠፈለትና አምቡላንስ የጠራለት ኦድማር ነው። ወረቀቱን እኔ አነሣሁት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ «የወሽመጥ ዓይን» ላይ «ሰካራሙ አዛዥ አዘጋጃችንን ከፎቅ ወረወረ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ስቱርላ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ባልተሰበረው እጁ እንደጻፈው ራሱ ከጽሑፉ ሥር ገልጿል። ኦድማር በተጠርጣሪነት የተጠራው በዚህ የተነሣ ነው።

ስለ ፓርቲ ለሁለተኛ ጊዜ ተጠይቄአለሁ። የምመርጠው ይህ ጋዜጣ የሚደግፈውን ወገን ነው። ሃያ ዓመት መርጬዋለሁ፤ በሚመጣውም ምርጫ እመርጠዋለሁ። ይህ ግን ደረጃውን አያሳጥረውም፣ የኦድማርንም እጅ አያረዝመውም።

ቃሌ ሲነበብልኝ መርማሪዋ «እጅጌውን ገፋው» ብላ ጽፋ አገኘኋት። «ነካው ነው ያልኩት» አልኳት። «ያው ነው እኮ» አለችኝ። «ያው አይደለም። በአንዱ ቃል ሰውየው እስር ቤት ይገባል፣ በሌላው ቃል ቤቱ ይገባል» አልኳት። ቃሉን ሰርዛ «ነካው» ብላ ጻፈችበት፤ ሁለታችንም ጎኑ ላይ ፈረምን። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ ሰጥቻለሁ፤ ከዚህ ውስጥ ሐሰት ቢገኝ በሕግ የምጠየቅ መሆኔን አውቄ ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ሶልፍሪድ ኦክቪክ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ሄርዲስ ሙ