የማይቋረጠው ዩፒኤስ

(መርካቶ፣ የጋሽ ይርዳው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ። የአንዳርጌ እናት ፍቼ ላይ ማረፋቸውን ጋሽ ይርዳው አሁን በስልክ ሰምተዋል፤ መርዶውን ብቻውን እንዳይሰማ፣ አጎቱ እስኪደርስ ልጁን እንዲያቆዩት አደራ ተብለዋል።)

አንዳርጌ፦ ሌላ ዩፒኤስ ያውርዱልኝ እንጂ ጋሼ! የፍቼው መኪና ሞልቶ ሊሄድብኝ ነው።

ጋሽ ይርዳው፦ ቁጭ በል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

አንዳርጌ፦ እኔማ አፍስሼ ነው የመጣሁት! ያ ከሦስት ወር በፊት የወሰድኩት ዩፒኤስ መብራት በሄደ ቁጥር በባትሪ ይተካል ሲባል፣ የእማዬን የኦክስጅን ማሽን ያጠፋና መልሶ ያስነሳል። እስኪነሳ እህቴ በነጠላዋ ጫፍ ታራግብላታለች።

ጋሽ ይርዳው፦ እሱ መብራት እስኪጠፋ ተኝቶ የሚጠብቅ ዓይነት ነው። እስኪነቃ ቅጽበት ይፈጅበታል።

አንዳርጌ፦ መካከለኛውስ?

ጋሽ ይርዳው፦ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሲል ያስተካክላል። ጨርሶ ሲጠፋ ግን እሱም ወደ ባትሪ እስኪዞር ትንሽ ያቆማል።

አንዳርጌ፦ ያ ትልቁስ?

ጋሽ ይርዳው፦ ኦንላይን ይሉታል። መብራት ኖረም አልኖረም ሁልጊዜ በባትሪው በኩል ነው የሚሰጠው። መቋረጥ አያውቅም።

አንዳርጌ፦ በቃ፣ እሱን! ሌላ ቀን ደንበኛ ሲቸኩል ዕቃውን እጁ ላይ ነበር የሚወረውሩት፤ ዛሬ ምን ነካዎት?

ጋሽ ይርዳው፦ ይሞቃል… ድምፅም አለው። የታመመ ሰው ባለበት ቤት… ሻይ ላስመጣልህ?

አንዳርጌ፦ ይጩኻ! እማዬ የምትፈራው ዝምታውን ነው። ማሽኑ ዝም ሲል ሰው ፍለጋ እጇን ትዘረጋለች አለችኝ እህቴ።

ጋሽ ይርዳው፦ እግዚኦ… አንዳርጌ፣ አጎትህ ስለሺ እየመጣ ነው። አብራችሁ ትሄዳላችሁ።

አንዳርጌ፦ ጋሽ ስለሺ? ለሰርግ እንኳ ከቤቱ የማይነቃነቀው ሰውዬ? ምን ሊያደርግ?

ጋሽ ይርዳው፦ እናትህን… ሊጠይቅ።

አንዳርጌ፦ እሰይ፣ ደስ ይላታል! እሱ በኋላ ይድረስብኝ። ጋሼ፣ ያኛውን ሲሰጡኝ «ይበቃታል» አሉኝ፤ አመንኩዎት። አልወቅስዎትም፣ ዛሬም የማምነው እርስዎን ነው። ብቻ ይማሉልኝ፤ ይኼኛው ለእማዬ ይሆናታል?

ጋሽ ይርዳው፦ አልምልም።

አንዳርጌ፦ ለምን? ጋሼ፣ ለምንድን ነው የሚያለቅሱት?

ጋሽ ይርዳው፦ «ይበቃታል» ያልኩህ እኔ ነኝ፤ አጎትህ መጥቶ እስኪያረዳህ ከኋላው አልደበቅም። እናትህ አረፈች፣ ልጄ። ጠዋት፣ መብራቱ እንደሄደ።