የአማቱን ድንጋይ ያልጫነው አማች

ዘይት ልገዛ ወደ ጀልባ ማቆሚያው ስወርድ፣ ሽማግሌው ኦሎጊኛና የልጃቸው ባል ኢናቶይ አንድ ባዶ ታንኳ መካከላቸው አድርገው ተፋጠዋል። በእኛ ደሴት አማች የሚስቱ ወላጆች ቤት ገብቶ ይኖራል፤ ተሸከም ሲሉት ይሸከማል። ኢናቶይ ግን አልሸከምም ብሏል። እኔ ደግሞ መምህር ነኝና ክርክር አይቼ ማለፍ አልችልም፤ ቆምኩ።

የሰሜኑ ነፋስ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አምና ባሕሩ የሽማግሌውን ደጅ አልፎ ቤታቸው ውስጥ ሰንብቷል። ዘንድሮ ከደገመ ቤቱ አይቆምም። ስለዚህ እንደ አባታቸው ከባሕር ሥር የሚያድገውን ኮራል ድንጋይ ነቅለው ግቢውን ሊደለድሉ ተነሥተዋል።

«ልጄን ስታገባ ክንድ ነበረህ» አሉት።

«አሁንም አለኝ፣ አባባ። ከማዶው የብስ እንጨት ልቁረጥልዎ፣ ከወንዙ ጠጠር ላምጣልዎ። ኮራል ግን አልነቅልም።»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። ሁለት ዓመት ከተማ ተቀምጠህ መጣህና ባሕርን ለእኔ ታስተምረኛለህ?»

ሽማግሌው ፍረድ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። የትምህርት ቤቱን ግቢ በኮራል ያስሞላሁት እኔው ነኝና በማን ላይ ልፍረድ? ኢናቶይም አንድ ነገር ካሳያቸው በኋላ ጫን ካሉት እንደሚጭን ምሎ አሳፈረን።

መጀመሪያ ማንም የማይኖርባት ትንሿ ደሴት ዘንድ ደረስን። ከፍታዋ ከእኛዋ አይበልጥም፤ ግን ማዕበሉ ገና ከሩቅ ማንም ያልነቀለው ኮራል ላይ ተሰብሮ ስለሚቀር አሸዋዋ ደረቅ ነው። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ቤት ጓሮ ቀዘፍን። እዚያ የባሕሩ ወለል ራቁቱን ቀርቷል፤ ማዕበሉ ያለ ከልካይ መጥቶ ታንኳችንን ሊገለብጣት ደረሰ። ሽማግሌው አጎንብሰው ኮራሉ የተነቀለበትን ጉድጓድ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ይህን የነቀልኩት ልጄ በተወለደች ዓመት ነው» አሉ።

«ባሕሩ እየጨመረ ነው፣ አባባ። ያንን እኔም እርስዎም አናቆመውም። ግን አጥራችን ይህ ነበር፤ አፍርሰን ግቢ ደለደልንበት።»

«ታዲያ ሂድ ነው የምትለኝ? አያቶቼ ዓምፀው የመንግሥትን ፖሊስ አባርረው ያስቀሩትን ደሴት ልተው?»

«ማን ሂዱ አለዎት? ቤቱን በእንጨት ቋሚ ላይ እናንሣው፤ ውሃው ከሥር ገብቶ ይውጣ።»

ሽማግሌው ድንጋይ ሳይጭኑ ተመለሱ።

በማግስቱ በመንደሩ ስብሰባ ተነሥተው ቆሙ። «ባሕር ደጄን በላው እያልኩ ስከስ ኖርኩ። መንገዱን የጠረግሁለት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ኮራል የሚነቅል ከእኔ ጋር ይጣላ።»

አንዱ ጎረቤት፣ አማችህ ያዝዝህ ጀመር ወይ ብሎ ሳቀባቸው።

«አዎ፣ አዘዘኝ» አሉ። «አንተን የሚያዝዝህ ማነው? ማዕበሉ?»

ነፋሱ ሳይደርስ እርሳቸውና ኢናቶይ ቤቱን በእንጨት ቋሚ ላይ አነሡት።

ነፋሱ ሲገባ ውሃው ከወለላቸው በታች ገብቶ ወጣ። የቤቱ ምሰሶ አልተነቃነቀም፤ ልጆችም እንደ አምናው በረጋ ውሃ አልታመሙም። ኮራሉ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ አጥሩ ሲሞላ የሚያዩት የልጅ ልጆች ናቸው፤ ዓሣው ግን ከወዲሁ መመለስ ጀምሯል። እኔም የትምህርት ቤቱን ግቢ በወንዝ ጠጠር መሙላት ይዣለሁ።

በነፋሱ ማግስት ልጠይቃቸው ብሄድ ከፍ ካለው ወለል ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ባሕሩን ያያሉ። ከርሞ ከዚህ የባሰ ቢመጣስ አልኳቸው።

«ይምጣ» አሉኝ። «እኔ እዚሁ ነኝ። ከእኔ እጅ ግን እርዳታ አያገኝም።»