የት ነው የሚኖሩ?

ከመተማ ዮሐንስ ወደ ገንዳ ውሃ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ በስልክ ሲጮኹ ቆይተው ዘጉት። አጠገባቸው ያለችው ሴት ዞር አለች።

"ምን ሆኑ አባባ?"

"ባንኩ ነዋ! ጀርመን አገር ባቡር ስጠግን አርጅቼ ጡረታ ወጣሁ። ጡረታዬ የሚገባበት የዚያ አገር ባንክ አሁን ተነስቶ፣ 'ነዋሪነትህ የት ነው? ግብር የምትከፍል ለማን ነው? አረጋግጥ' ይለኛል።"

"እዚህ ነኝ አይሏቸውም?"

"አልኩ እንጂ! ማስረጃ አምጣ አሉ። እዚህ ግብር ቢሮ ስሄድ ደግሞ፣ 'እርስዎ የውጭ ዜጋ ነዎት፣ አናውቅዎትም' አሉኝ። ቤት ሠርቼ፣ ሰሊጥ ዘርቼ፣ እናቴን እዚሁ ቀብሬ!"

"ካላረጋገጡስ?"

"ሒሳብህን እንዘጋዋለን ይላሉ። ሌባ ነኝ እንዴ? በዚህ ዕድሜዬ የት ነው የምትኖር እባላለሁ?"

"እርስዎንስ ጠየቁዎት።"

"ምን አልሽ?"

"ጠየቁዎት አልኩ! እኔ ተወልጄ ያደግሁት ካርቱም ነው። ሱቄም ትዳሬም እዚያው ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ልጆቼን ይዤ ሸሸሁ። እዚያ 'ሐበሻ' ይሉኝ ነበር፣ እዚህ 'ሱዳን' ይሉኛል። የት ነው የምትኖሪ ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም፣ ወላሂ!"

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ባልሽስ ልጄ?"

"እዚያው ቀረ። ይኑር ይሙት ማንን ልጠይቅ? ባንኩን?"

ገንዳ ውሃ እስክንደርስ ድረስ ዓይኔን ከመስኮቱ አላነሳሁም።