የሙሀባ ትኩሳት

ክቡራትና ክቡራን፣ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ጓድ ዘውዴ፣ ባልደረቦቼ፤ በዚህ በሮቢት ሙቀት ተሰብስባችሁ ለጡረታ ስለሸኛችሁኝ አመሰግናለሁ። በግ ማረዳችሁን ሰምቻለሁና ብዙ አላስቆያችሁም።

አዲስ የገባችሁት ልጆች፣ “እትዬ ወርቅነሽ ትኩሳት ባዩ ቁጥር ለምን ይህን ሁሉ ይጠይቃሉ? ወባ ነው ብለው ክኒን አይሰጡም?” ትላላችሁ አሉ። ዛሬ ልንገራችሁ።

የነጋዴው የአቶ አብዱልመጂድ ልጅ ሙሀባ ለትምህርት ምሥራቅ ጀርመን ሄዳ ሳለ የደም ካንሰር ያዛት። እህቷ ሰይዳ እዚያ ድረስ ተጉዛ የአጥንት መቅኔዋን ሰጠቻት። ካንሰሩ ለቀቃት፤ አገሯ ስትገባ ግን ሰውነቷ በሽታ መከላከል ገና በቅጡ አልጀመረም ነበር።

የሁላችንም አንጀት ውስጥ ተህዋስያን ይኖራሉ። አብዛኞቹ ምግብ እንዲፈጭ ይረዱናል፤ ክፉዎቹንም ቦታ ይከለክሏቸዋል። ሙሀባ የወሰደችው ብርቱ መድኃኒት ደጎቹን ፈጅቶ አንጀቷንም አቁስሎት ነበር። የቀሩት ክፉዎቹ ወደ ደሟ ሊሻገሩ ስለሚችሉ፣ ትኩሳት ከተሰማት በዚያው ቀን ሐኪም ቤት እንድትገባ የጀርመን ሐኪሞቿ አስጠንቅቀዋታል።

አንድ ጠዋት አባቷ ደግፈው አመጧት፤ ትንዘፈዘፋለች። በቆላችን የሚንዘፈዘፍ ሰው ሲመጣ ምን እንላለን? ጤና ረዳታችን ሞገስ የወባውን ክኒን፣ ክሎሮኪን፣ አዘጋጀ።

ሙሀባ እጄን ያዘች። “እትዬ፣ ይሄ ከገዛ አንጀቴ የመጣ ነው። ወባ ብላችሁ ከመለሳችሁኝ እሞታለሁ።”

በዝግታ ነው ያለችኝ። ፈራሁ።

ደሟን መረመርን፤ ወባ የለም። ሞገስ በእጃችን የነበረውን ተህዋስያን የሚገድል መድኃኒት በመርፌ ሰጣት። አዲስ አበባ መድረስ ነበረባት፤ ያለችን አንዲት ላንድሮቨር ግን ለአውራጃው ስብሰባ ተይዛለች። ጓድ ዘውዴ ዘንድ ገብቼ ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ “መኪናዋን ውሰዱ፤ እኔ በጭነት መኪና እሄዳለሁ” አሉ። ሲደርሱ ስብሰባው ተጋምሶ ስለነበር ግለ ሂስ አደረጉ። ምን ብለው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገሩንም።

ሾፌራችን ታከለ የደብረ ሲናን ዳገት ሲያወጣት እኔ ከኋላ በክንዷ የተሰካላትን ግሉኮስ ከፍ አድርጌ ይዣለሁ። ሆስፒታሉ ከደሟ ያገኘው በእርግጥም የአንጀት ተህዋስ ነበር። ሐኪሙ፣ አድራ ብትመጣ ኖሮ ባልተረፈች ነበር አለን። እዚያው ሰንብታ ዳነች፤ ዛሬ አጣዬ ታስተምራለች።

ከነገ ጀምሮ እኔም እንደ ሰው ወረፋ ይዤ እታከማለሁ። የሚያመኝን ስነግራችሁ እስክጨርስ ስሙኝ፤ ሌላውንም እንደዚያው።

እግዚአብሔር እጃችሁን ፈዋሽ ያድርገው። የታመመ ሁሉ በደጃችሁ ድኖ ይለፍ፤ እናንተም በጤና ለጡረታ ብቁ። ደህና ሁኑልኝ።